ድሬ ላይ «ተፈጥሯዊ አረም ማጥፊያ» እያሉ የሚሸጡትን እንዳትገዙ

ድሬዎች፣ ግቢ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡ። በአምስት ሊትር ጀሪካን «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ኬሚካል የሌለበት» እያሉ የሸጡልኝ አረም ማጥፊያ ጨው ነው። ጨው፣ አቼቶና ፈሳሽ ሳሙና። 900 ብር ከፈልኩበት። አሁን የሎሚ ዛፌ እየደረቀ ነው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከስልካቸው የጸዳ ግቢ ቪዲዮ ያሳያሉ። ደረሰኝ ስትጠይቋቸው ማሽኑ ተበላሽቷል። ከዚያ «የፈረንጁ መድኃኒት ካንሰር ነው» ብለው ያስፈራራሉ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴት የሚባለውን በሰፊው የሚረጭ አረም ማጥፊያ ካንሰር የማምጣት ዕድል አላቸው ከሚባሉት መድቦታል። እኔም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መርዝ መርጨት አልፈለግኩም። ግን ሰርዶው ግቢውን ወርሮታል። በአጥሩ ሥር ደግሞ ቅንጨ አረም፣ የኛ ሰው ፈረምሲሳ የሚለው፣ በቅሏል። እሱ ደግሞ ቆዳ ያሳክካል። ሎሚውን እንዳይጎዳው ደጋግሜ ጠየቅኩ። «ማዘር፣ ለፍራፍሬ ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ማዳበሪያ ነው» አለኝ ልጁ።

በቀትር ፀሐይ ስረጨው ቅጠሉ ወዲያው ጠወለገ። አቼቶ ሥራው ይኸው ነው። የቤት አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ነው፤ የነካውን ቅጠል ያቃጥላል፣ ሥር ድረስ ግን አይወርድም። ሰርዶ ደግሞ ጉልበቱ መሬት ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ አቆጠቆጠ። ያላገገመው ሎሚው ነው። መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ አረረ፣ ከዚያ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ሎሚና ብርቱካን ጨው ፈጽሞ አይችሉም። አቼቶው አፈር ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፤ ጨው ግን እዚያው ተቀምጦ ሥሩ ውኃ እንዳይስብ ያደርጋል። ዝናብ በበዛበት አገር ቢሆን ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ድሬ ላይ ግን ዝናቡ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ነው። ውኃው ሲተን ጨዉን መልሶ ወደ ላይ ያወጣዋል።

ከጀሪካኑ የተረፈውን ድስት ላይ አፍልቼ አደረቅኩት። ከሥሩ ነጭ ጨው ቀረ። እሱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ላስቲኩን ተቀብሎ ለጓደኛው አሳየው። «ማዘር ጨው አምጥታልናለች አቦ!» አለና ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኬሚካል የለውም አልን እንጂ ጨው የለውም መቼ አልን? ጨው ተፈጥሮ አይደለም እንዴ? አታካብጂ» አለኝ። እናቱ በምሆን ሴት ላይ።

ይህን እየተባባልን አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጀሪካኑን አንስተው፣ «ፓፓያና ዘይቱን አለኝ፣ አይጎዳብኝም?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አባባ፣ ለፍራፍሬ ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ማዳበሪያ ነው» አላቸው። ለእኔ ያለኝን ቃል በቃል። ቅርንጫፉ እኮ እጄ ላይ ነው! «አባባ ይተዉት፣ ጨው ነው፣ ዛፌን ገደለብኝ» አልኳቸው። «አይስሟት፣ አብዝታ ረጭታ ነው፤ አሁን ገንዘቧን ልታስመልስ ነው» ብሎ ጀሪካኑን ራሱ ባጃጅ ላይ ጫነላቸው። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ ከፈሉ።

ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። ብሩን ለእነሱ እተውላቸዋለሁ። ያ ሎሚ ግን እናቴ የተከለችው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ለጉንፋን የሚወስደው ከእሱ ነበር። ምን እንደሚሸጡ እያወቁ፣ ምን እንደሚያደርግ እያዩ፣ ፊቴ ላይ ደግመው ሸጡት።

ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን አትግዙ። ቤት ውስጥ የምትቀምሙም ጨው አታግቡበት። ንጣፍ መሃል ለሚበቅለው የፈላ ውኃ ይበቃል። አቼቶ ብቻውን ገና ለበቀለ ትንሽ አረም ይሠራል። ሰርዶን ቆፍሮ ሥሩን መልቀም ነው። ፈረምሲሳን ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ እያለ፣ በጓንት ከነሥሩ ንቀሉት። ይህን ነገር የረጫችሁ ካላችሁ ደግሞ የላይኛውን አፈር ጠርጋችሁ አውጡና ውኃ በመጣ ቁጥር ዛፉን በደንብ አጠጡት።