11 ልጅ ወይስ 14?

በአሜሪካ ለውድድር ከከተማ ከተማ የሚጓዙ የሴት ልጆች ሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል የዱላና የኳስ ጨዋታ) ቡድኖች ተጫዋች የሚመርጡበት የሙከራ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ኦገስት ላይ ነው። ወላጅ ስለ አሰልጣኙ ይጠይቃል፤ ቡድኑ ስንት ልጅ እንደሚይዝ ግን ይረሳል።

ሜዳ የሚገቡት 9 ናቸው። 11 ልጅ ከተያዘ 2 ብቻ ይቀመጣሉ፤ ልጅቷ በደንብ ትጫወታለች። ግን አንዷ ከታመመች፣ ሌላዋ እግሯን ወለም ካላት ቡድኑ ይጨነቃል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ 4 ወይም 5 ጨዋታ ሲደራረብ ኳስ ወርዋሪዎቹም ይደክማሉ።

14 ሲሆኑ ወጪው ለብዙ ሰው ይካፈላል። ግን 5 ልጆች ቁጭ ብለው ያያሉ። ለዚህ ብሎ ሦስት ሰዓት መንዳት ያማል።

ከ12 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ እኔ 11ን እመርጣለሁ። በዚህ ዕድሜ የሚያስተምረው መጫወቱ ነው። 14 ከሆነ ግን ሁሉም ልጅ ተራ ደርሷት ኳሱን በዱላ ትመታ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።