ፑንቶዬና የኤሲዋ ኩሽኔታ፦ ከ16 ወር በኋላ

ፊያት ፑንቶዋን ከገዛሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በፈረንጆቹ 2003 የተሠራች፣ ባለ 1.2 ሞተር ናት። ነዳጅ አትበላም፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሳታስቸግር ትወጣለች። ስለዚህ ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ያንገበገበኝ የኤሲዋ፣ የአየር ማቀዝቀዣዋ፣ ኩሽኔታ ጉዳይ ነው። ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከር ዕቃ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ነው።

«ደሴ ላይ ደግሞ ኤሲ ምን ይሠራል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይሠራል! ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ጃኬት ደርቤ ወጥቼ ቀትር ላይ መኪናው ውስጥ ላብ በላብ እሆናለሁ። ክረምት ደግሞ ሐረጎ ጉም ሲለብስና መስታወቱ ከውስጥ ሲደፈን ቶሎ የሚያጠራው ኤሲ ነው፣ የአየሩን እርጥበት ስለሚመጥ። በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ፣ ከፊት የጭነት መኪና እየመጣ፣ መስታወት በጨርቅ እየጠረጉ መንዳት ሞትን መጥራት ነው።

በስድስተኛው ወር ከኮፈኑ ሥር እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ጀመረ። ኤሲው ቢጠፋም አይተውም። ደሴ ያልዞርኩበት የመለዋወጫ ሱቅ የለም። አንዱ «የቪትዝ ከሆነ አለ፣ የፊያት የለም» አለኝ። ሌላው ሙሉ ኮምፕሬሰር፣ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ዕቃ፣ ከአዲስ አበባ ካላስመጣሁ አለ። ሦስተኛው ኤሲውን ትተን ኮምፕሬሰሩን የማያዞር አጭር ቺንጋ (ቀበቶ) እንግጠም ብሎ መከረኝ። በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ግማሹ ከጣልያን የመጣ መሆኑ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ። የጣልያን መኪና ይዘህ ስትመጣ ግን እንደ እንግዳ ያዩሃል።

መፍትሔው የተገኘው ኮምቦልቻ፣ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ነው። ቺንጋውን ፈትተው የኮምፕሬሰሩን ፑሊ፣ ቺንጋው የሚያዞረውን መንኮራኩር፣ በእጃቸው አዞሩት፣ ከዚያ ጣቴን አስነኩኝ። አሸዋ የገባበት ይመስል ይንገራገጫል። «አብሽር ልጄ፣ ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው። ኩሽኔታው ነው ያለቀው።» ፑሊው ከኮምፕሬሰሩ ፊት ላይ ስለሆነ ጋዙ ሳይነካ ወጣ። ኩሽኔታውን በቤንዚን አጥበው በካሊፐር ለኩት፦ ውስጡ 35፣ ውጩ 55፣ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር። እሱኑ ይዤ ኩሽኔታ ብቻ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ለምን መኪና ነው?» ሲለኝ «ልኩን ብቻ እየው ወንድሜ» አልኩት። ከመደርደሪያው አንሥቶ ሰጠኝ! ሦስት ወር የፈለግሁት ዕቃ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሲገጥሙት መካኒኩ በፑሊውና ከፊቱ ባለው ሳህን መካከል ያለውን ክፍተት በስስ ሮንዴላ (ቀለበት) ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ አደረጉት፤ ሲሰፋ ኤሲው ሲበራ ሳህኑን የሚስበው ማግኔት አይስብም፣ ሲጠብ ይፋተጋል።

እናንተ ሻጮች፣ «የፊያት የለም» ከማለታችሁ በፊት ዕቃውን አስወጡና ለኩት። ኩሽኔታ የመኪና ስም አያውቅም። አንድ ሰው ሙሉ ኮምፕሬሰር እንዲገዛ ስትመክሩ የልጆቹን ቀለብ እየነካችሁ ነው።

«ሽጣትና ቪትዝ ግዛ» ላላችሁኝ ሁሉ፣ አልሸጣትም። ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ ደርሼ መጣሁ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ልጄ የኋላው ወንበር ላይ ተኝታ።

አሁን የቀረኝ የቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላስቲክ ነው፣ አንዱ በትንሹ ያልባል። የውሃ ቧንቧ ጥቁር ላስቲክ አይሆንም፣ ለአር134ኤ፣ ለኤሲው ማቀዝቀዣ ጋዝ፣ የሚሆነው አረንጓዴው ነው የምፈልገው። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።