ፕሮግረሲቭ ፕሬስ ስትገዙ፦ ዲሎን 550፣ ዲሎን 750፣ ሆርናዲ ወይስ ሊ?

ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥይት እንደገና የሚሞላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በነጠላ ፕሬስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ በሚሠራ ባለ እጀታ መሣሪያ ነው። ነጠላ ፕሬስ ጥሩ መምህር ነው፤ ግን ይሰለቻል። አንዱን ቀለህ ለእያንዳንዱ ሥራ ማንሳት፣ ማስገባት፣ ማውጣት። ዳዩን (ፕሬሱ ላይ ገብቶ ሥራውን የሚሠራውን ብረት) ቀይሮ እንደገና ከመጀመሪያው። ለሽጉጥ ውድድር የሚለማመድ ሰው በዚህ አካሄድ የሳምንቱን ጥይት ሳይጨርስ ሳምንቱ ያልቃል።

ፕሮግረሲቭ ፕሬስ ላይ አራት አምስት ቀለህ በአንድ የሚዞር ሳህን ላይ ይደረደራል። እጀታው ወርዶ በተመለሰ ቁጥር ሁሉም በየጣቢያቸው የየራሳቸው ሥራ ይሠራላቸዋል። አንድ ያለቀ ጥይት ሳጥኑ ውስጥ ይወድቃል።

ሻጮች የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው። በሰዓት ይህን ያህል፣ በሰዓት ያን ያህል። እኔ ፍጥነትን ሦስተኛ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ የምጠይቀው ሳህኑን የሚያዞረው ማን እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ስንት ጣቢያ እንዳለው።

ሳህኑን ማን ያዞረዋል?

ዲሎን አርኤል 550 ላይ የምታዞሩት እናንተ ናችሁ። ቀኝ እጅ ቀለህ ያስገባል፣ እጀታ ይስባል። ግራ እጅ ሳህኑን ያዞራል፣ አረር ያስቀምጣል። ሲያዩት ዘገምተኛ ይመስላል፤ እጅ ሲለምድ ግን በሰዓት 400 እና ከዚያ በላይ ይወጣዋል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። አንድ ነገር ሲይዘው ትቆማላችሁ፤ እናንተ ካላዞራችሁት ሳህኑ የትም አይሄድም። ችግሩ የት እንዳለ ተረጋግታችሁ ታያላችሁ። ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱም እዚያው ነው። ስልክ ጠርቶ ሐሳባችሁ ከተበተነ፣ ሳታዞሩ እጀታውን ደግማችሁ ትስባላችሁ። ያ ቀለህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ተቀበለ ማለት ነው። የሽጉጥ ቀለህ ብዙ ጊዜ እጥፍ ባሩድ ሳይፈስ ይይዛል፤ ስለዚህ ካላያችሁት አይታወቅም። ሲተኮስ መሣሪያውን ያፈነዳል፣ እጅ ያጠፋል።

ዲሎን ኤክስኤል 750፣ ሆርናዲ ሎክ ኤን ሎድ ኤፒ እና የሊ ሲክስ ፓክ ፕሮ ራሳቸው ያዞራሉ። እጥፍ ባሩድ የመግባት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ጨርሶ ይጠፋል ግን አልልም። ፕሬሱ ሲጣበቅ እጀታውን ግማሽ ድረስ ወዲያ ወዲህ የሚያደርግ ሰው አደጋውን መልሶ ይጠራዋል። ሲጣበቅ በሳህኑ ላይ ያሉትን ቀለሆች በሙሉ አውጥቶ መጀመር ነው የሚሻለው። አምስት ቀለህ ለማዳን መሰሰት አያዋጣም።

ተቃራኒውም አለ፦ ባሩድ ያልገባበት ጥይት። ፕራይመሩ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን) ብቻውን አረሩን ገፍቶ በርሜሉ መሀል ይወትፈዋል። ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛውን ከለቀቀ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ይህን በራሱ የሚዞር ፕሬስም አያስቀረውም። የባሩድ መስፈሪያው ባዶ ከሆነ ፕሬሱ ባዶውን ይቀጥላል።

አምስተኛው ጣቢያ

ልዩነቱ የሚወጣው እዚህ ነው። 550 አራት ጣቢያ አለው፤ አራቱም ሥራ አላቸው። አንደኛው ቀለሁን ወደ ልኩ ይመልሳል፣ አሮጌውን ፕራይመር አውጥቶ አዲሱን ያስገባል። ሁለተኛው ባሩድ፣ ሦስተኛው አረር፣ አራተኛው የቀለሁን አፍ ማጥበቅ። 750 እና ሆርናዲ አምስት ጣቢያ አላቸው፤ ሲክስ ፓክ ፕሮ ስድስት። በትርፉ ጣቢያ ላይ የባሩዱን መጠን የሚፈትሽ ዳይ ይገባል። ዲሎን የሚሸጠው መጠኑ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ይጮኻል። አርሲቢኤስ የተባለ ሌላ ድርጅት የሚሸጠው ሎክ አውት ዳይ ደግሞ ፕሬሱን ራሱን ይቆልፈዋል። እኔ የሚቆልፈውን እመርጣለሁ። ጩኸት ባትሪ ይፈልጋል፣ የጆሮ መከላከያ ያደረገ ሰውም ላይሰማው ይችላል።

550 ላይም አረር ማስቀመጡንና ማጥበቁን በአንድ ዳይ አጣምሮ አንድ ቦታ ማስለቀቅ ይቻላል። ማስተካከሉ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይሠራል። በየትኛውም ፕሬስ ላይ ግን ሳህኑን የሚያበራ ትንሽ መብራት ግጠሙ። አረሩን ከማስቀመጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ ውስጡን ተመልከቱ። ለዋጋው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ዕቃ የለም።

750 እና ሆርናዲ

ሁለቱም አምስት ጣቢያ፣ ሁለቱም በራሳቸው የሚዞሩ። አዟዟራቸው ግን ይለያያል። ሆርናዲ ግማሹን እጀታው ሲወርድ፣ ግማሹን ሲመለስ ያዞራል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ለስለስ ይላል። 750 በአንድ ጊዜ ነው የሚዘለው። አጭር ቀለህ እስከ አፉ ሲሞላ ባሩዱ ሊረጭ ይችላል፤ እጃችሁን ረጋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ካሊበር (የጥይቱን ዓይነትና ልክ) መቀየር ላይ ሆርናዲ እያንዳንዱን ዳይ በቀለበት ይዞ በትንሽ ዙር ያወጣል። ዲሎን ዳዮቹን በሙሉ የያዘውን ራስ ሳብ አድርጎ ማውጣት ነው። የዲሎኑ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም አንዴ ያስተካከላችሁት እንዳለ ይቀመጣል። ግን ለየካሊበሩ የሚገዛው ዕቃ ይበዛል፣ የ750ው ዋጋ ደግሞ ከ550ው ይበልጣል። አራት አምስት ካሊበር ያለው ሰው ፕሬሱን ሳይሆን መቀየሪያውን ደምሮ ያስላ።

ፕራይመር ሁሉም ላይ ጣጣ አለው። 750 በ2019 ኤክስኤል 650ን ሲተካ ትልቁ ለውጥ እሱ ነበር። በድሮው 650 ላይ ፕራይመር የምታቀርበው ክብ ዲስክ ቀለህ ኖረም አልኖረ ትዞራለች፤ ያልተጠቀማችሁበት ፕራይመር ይወድቃል። 750 ይህን አቁሟል። ያገለገለ 650 የምትገዙ ከሆነ ይህን አውቃችሁ ግቡ። ሌላው የማይቀለድበት ነገር፦ በቱቦ ከተደረደሩ ፕራይመሮች አንዱ ከፈነዳ ሌሎቹም ሊከተሉት ይችላሉ። በቱቦው ዙሪያ ያለው ብረት ለዚህ ነው። የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ፕሬሱ አጠገብ መቀመጥ አይሆንም።

ሊ

ሊ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱም ይታያል። ፕላስቲክ ይበዛዋል፣ የፕራይመር ማቅረቢያው ይቀናጣል። ዕቃ ፈታቶ ማስተካከል የሚወድ ሰው ግን ጥሩ ጥይት ያወጣበታል። ነገሩ እንዲሁ ይሥራልኝ፣ መፍቻ አላነሣም የምትሉ ከሆነ ተዉት። ዲሎን ለ550 እና ለ750 የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል። የዋጋው ልዩነት ከፊሉ እዚያ ነው የገባው።

ዲሎን የሠራው ስኩዌር ዲል ቢ የሚባል አነስ ያለ ፕሬስም አለ። በራሱ ይዞራል፣ ለሽጉጥ ብቻ ነው። የራሱን ዳይ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሌላው ሁሉ የሚጠቀምበትን 7/8-14 ጥርስ ያለውን ዳይ አይቀበልም። ቤታችሁ ዳይ ካለ አትዩት። የዲሎንን ትልቅ ፕሬስ አርኤል 1100ን ደግሞ ለቤት የሚገዛ ሰው ዳቦ ለማምጣት የጭነት መኪና እንደሚያስነሣ ነው።

የቱን ልውሰድ?

በዓመት መቶ የጠመንጃ ጥይት የሚተኩስ አዳኝ ፕሮግረሲቭ አያስፈልገውም። የጠመንጃ ቀለህ ቅባት ይፈልጋል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ይቆረጣል። ፕሬሱ የቆጠበው ጊዜ እዚያ ላይ ያልቃል። እሱ በነጠላው ይቆይ፣ ወይም እንደ ሊ ክላሲክ ተሬት ያለ አራት ዳይ የሚይዝ ባለ አራት ቀዳዳ ፕሬስ ይያዝ።

ብዙ ካሊበር ኖሮት ከየዓይነቱ በመጠኑ የሚሞላ ሰው 550 ይውሰድ። አንድ ወይም ሁለት ካሊበር በብዛት የሚተኩስ 750፤ ገንዘቡ ካልደረሰ ሆርናዲ። ሁለቱንም ከነባሩድ መፈተሻው።

ከመግዛታችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር ጥይት መሙላት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ስንት ባሩድና ፕራይመር ማስቀመጥ እንደሚቻል አረጋግጡ። ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን፤ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ባሩድ በትክክል አይሰፈርም። ፕሬሱ ሲመጣም መጀመሪያ ባሩድም ፕራይመርም ሳታስገቡ አንድ ባዶ ቀለህ ብቻ ከጣቢያ ጣቢያ አሳልፉ። እያንዳንዱ ዳይ ምን እንደሚሠራ ዓይናችሁ ካየ በኋላ ሁለተኛውን ጨምሩ።