ልቡ አራተኛው ላይ የቆመው አልበም

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። «እኛስ ምን እየሠራን ነው?» ይሉኛል። የእኔው ደመወዝ አለው፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ስኒ ይደረደራል። የማን ቡና እንደሆነ አይነገረኝም፤ ቁጥር ብቻ ተለጥፎበታል። በማንኪያ እስባለሁ፣ ምላሴ ላይ አዟዙሬ እተፋለሁ፣ ነጥብ እጽፋለሁ። ከመቶው 40 ለጥሬው፣ 60 ለስኒው። ሃያ ዓመት እንዲህ ስለኖርኩ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» የሚል ነገር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ማን ቀመሰው? በምን ሚዛን?

የእህቴ ልጅ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ቅዳሜ ምሳዋ እኛ ቤት ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ስልኳን አሳየችኝ። ሮሊንግ ስቶን የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በፈረንጆቹ 2003 ያወጣው የ500 ምርጥ አልበሞች ደረጃ ነው። «ጋሼ፣ አንተ በሁሉ ነገር ላይ ነጥብ ትሰጥ የለ? በል ለዚህም ስጥ።» መጽሔቱ ደረጃውን በ2012ና በ2020 ከልሶታል። በ2020ው ማርቪን ጌይ አንደኛ ወጥቷል። እኛ ግን የድሮውን ያዝን። የፈረንጆቹ 60ዎቹና 70ዎቹ ሮክ አናቱ ላይ የተከመረው እዚያ ነው። አምስት መቶውን ለመስማት ጡረታ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ሃምሳውን ብቻ፣ በአንድ ክረምት፣ ከሃምሳኛው ወደ አንደኛው። ትልቁ ዕጣ መጨረሻ ላይ እንዲወጣ።

(መጽሔቱ ሮሊንግ ስቶንስ ከሚባለው ባንድ የተለየ ነው። እኔ ግን እስከ ነሐሴ ድረስ ባንዱ ለራሱ ነጥብ የሰጠ መስሎኝ በሆዴ ታዝቤው ነበር።)

ሃምሳ አልበም በሞባይል ዳታ መስማት ለእኔ አይነት ሰው አይታሰብም። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ በኩል፣ ዘፈን የሚጭን አንድ ልጅ አለ። ዝርዝሩን ጽፌ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ፍላሽ ላይ ጭኖ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ?» አለኝ። «ግማሾቹ» አልኩት። ለዘፋኞቹ ሳንቲም እንደማይደርሳቸው አውቃለሁ፤ በዚህ ልኮራ አልችልም።

መስሚያዬ ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ስፒከር ናት። ሬዲዮም አላት። ድምፅዋ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚወጣው። ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ሳስቀምጣት ቤዟ ጨመረ፤ እንጨቱ አብሮ ይጮሃል መሰለኝ። ቤቴ ወደ ጅረን በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጩኸት ከማንኛውም ከበሮ ይበልጣል። መብራት የሚሄደውም ያኔ ነው። ስለዚህ ደንቤ ይህ ሆነ፦ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ዝናቡ ያባራ፣ ከዚያ አንድ አልበም።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ያለ ችግር አለፉ። ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሊትል ሪቻርድ 50ኛ ላይ ቤቱን አንቀጠቀጠው። 47ኛው ላይ ጆን ኮልትሬን ነበር፤ ጃዝ ነው፣ ሮክ አይደለም፣ ግን ደረጃው ሁሉንም ያስገባል። 46ኛው የቦብ ማርሌይ «ሌጀንድ» ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ የተናደድኩት። ዘፈኖቹን አይደለም፤ እነሱን ጅማ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። ግን «ሌጀንድ» ሰውየው በ1981 ካረፈ በኋላ፣ በ1984፣ ከየአልበሙ ምርጥ ምርጡ ተለቅሞ የተሠራ ስብስብ ነው። በእኛ ቤት ይህ አይሆንም። ከአሥር ማሳ ቀይ ቀዩን ለቅመህ አንድ ጆንያ ሞልተህ፣ የአንድ ገበሬ የአንድ ዓመት ምርት ካለበት ጆንያ ጋር አታወዳድርም። ያ ቡና አይደለም ሊባል አይችልም። ውድድሩ ግን ውድድር አይደለም።

ስምንተኛው ማታ 43ኛው ደረሰ። የእንግሊዙ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን»። በ1973 የወጣ። ከዚያ እስከ 1988 ድረስ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት የተቀመጠ። የእህቴ ልጅ አስጠንቅቃኝ ነበር፦ «በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያልቃል፤ መሃል ላይ አታቋርጠው።» በርጩማው አጠገብ ተቀመጥኩ። የልብ ምት የለም። በጊታርና በኪቦርድ ጨዋታ ጀመረ፣ ዘፋኝም የለበትም። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተቆረጠ። አራተኛው ሞቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ልብ ድው ድው አለና ቀስ ብሎ ጠፋ። በቃ አለቀ ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ የሳንቲም ድምፅ መጣ። ከዚያ አንድ የሚሮጥ ነገር። ሰባተኛው ላይ ያው ልብ እንደገና መምታት ጀመረ።

ልቡ አራተኛው ላይ ቆሞ ሰባተኛው ላይ ተነሳ ማለት ነው። ፋሲካ እንኳ ሦስት ቀን ነው የቆየው፤ ይህም ሦስት ዘፈን፣ ከሒሳቡ አልራቀም።

ገባኝ። ልጁ ዘፈኖቹን ሲጭን በስማቸው ፊደል ተራ ነው የተደረደሩት። ስፒከሯም እንዳገኘችው ታጫውታለች። አልበሙ ግን የተሠራው ዘፈኖቹ ሳይቋረጡ አንዱ ወደ ሌላው እንዲፈስ ነው። ገለባብጠህ ስትሰማው መጋጠሚያው ሁሉ በቢላ እንደተቆረጠ ይሆናል። ወዲያው ኮልትሬን ትዝ አለኝ። የእሱ «ኤ ላቭ ሱፕሪም» አራት ክፍል ነው፤ መዝሙር የሚባለው ማሳረጊያው ነው። እኔ ሁለተኛ ላይ ሰምቼው ራሴን ነቅንቄ አድንቄያለሁ። ቀማሽ ነኝ ባዩ!

በማግስቱ ወደ ልጁ ተመለስኩ። «ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘፈን ለእሱ አንድ አንድ ነው፤ አንዱን ይጫናል፣ ሌላውን ያልፋል። እኛ ዘፋኝ «ካሴት አወጣ» ነበር የምንለው። ካሴት አይዘለልም። የምትወደው ዘፈን ጀርባው ላይ ሦስተኛ ከሆነ ሁለቱን ትጠብቃለህ፤ አለዚያ ባትሪ እንዳይጨርስ በቢክ እስክሪፕቶ ታጠነጥነዋለህ። ስትጠብቅ ስትጠብቅ የማትወደውን ትለምደዋለህ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና በየዘፈኑ ስም ፊት 01፣ 02 እያለ ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ሃምሳ አልበም! ቀን ሙሉ ፈጀበት። ቡና ጋበዝኩት።

ከዚያ 43ኛውን ደገምኩት። ደረጃውን የምከራከርበት ዋናው ነገር እዚህ ነው። አልበሙ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች በአንድ ጊዜ ሲደወሉ ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ የጠዋት መቀስቀሻ መስሏት። ቀጥሎ ያለው ዘፈን ግጥም የለውም። ክሌር ቶሪ የምትባል ዘፋኝ ያለ ቃል የምታወጣው ድምፅ ብቻ ነው። ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ይለምናል። ባለቤቴ በሩን ተደግፋ ቆመች። «ማን ሞቶባት ነው?» አለች። ዘፈኑ ስለ ሞት መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። እስኪያልቅ አልሄደችም። ሽንኩርቱ አረረ።

ታዲያ ይህ እንዴት 43ኛ ይሆናል? አሠራሩን ሳነብ ተገለጠልኝ። 273 ሙዚቀኞች፣ ሐያስያንና የሙያው ሰዎች እያንዳንዳቸው ሃምሳ ሃምሳ አልበም በደረጃ ጽፈው ሰጡ፤ ነጥቡ ተደመረ። ይህችን አውቃታለሁ። በእኛ ጠረጴዛ አንዱ ቀማሽ «ድንቅ» ያለውን ስኒ ሌላው ፊቱን አጨማዶ ይጥለዋል። ማንም ያልጠላው፣ ማንም ያልሞተለት ስኒ ግን ከየሰዉ ትንሽ ትንሽ ለቃቅሞ ከላይ ይቀመጣል። አማካይ ጥሩ ዳኛ ነው፤ አፍቃሪ ግን አይደለም።

አንደኛው፣ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር»፣ ለእኔ እንዲህ ያለ ስኒ ነው። የ1967 ሥራ። ንጹሕ ነው፣ ያጌጠ ነው፣ ጥፋት ፈልገህ አታገኝበትም። በመሃሉ የህንድ ሲታር ያለበት ዘፈን አለ፤ እሱን ወድጄዋለሁ። ማታ ከአልጋ ተነስቼ ልድገመው ግን አላልኩም። የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ቀረችብኝ። ብዙ እጆች በአንድ ጊዜ ፒያኖ ላይ ያርፉና ድምፁ ከ40 ሰከንድ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። ያን ማታ ልክ እሷ ላይ ዝናብ ጀመረ። ፒያኖው የት እንዳለቀና ቆርቆሮው የት እንደጀመረ እስካሁን አላውቅም።

ሁለተኛው፣ የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ»፣ ለእኔ ስፒከር የተሠራ ነው። ቀልድ አይደለም። የሠራው ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ በ1966 ያወጣው በአንድ መስመር ድምፅ ነው። ሌሎቹ አልበሞች ግራና ቀኛቸው ተጨፍልቆ ሲደርሰኝ ይህ ሙሉውን ደረሰኝ። መጨረሻው ላይ ባቡር ያልፋል፣ ውሾች ይጮሃሉ። የጎረቤታችን ውሻ መለሰላቸው። ከዚያ የማዶው። ከዚያ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ያለው የጅረን ውሻ በሙሉ። ሰፈሩ ሩብ ሰዓት አልተኛም።

ቦብ ዲላን 4ኛም 9ኛም ላይ አለ። ግጥም ነው፤ እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም፤ አልፈርድም። 8ኛው የክላሽ «ለንደን ኮሊንግ» ሬጌም ሮክም የቀላቀለ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ቢከፈት የሚያስወርድህ የለም። ቬልቬት አንደርግራውንድ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ 13ኛ ላይ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ፍላሹ የተበላሸ መሰለኝ። ቫዮላው እንደ ማሲንቆ አንድ ቦታ ላይ ይፈተጋል፣ ይፈተጋል። ቡና ትኩስ እያለ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝም ነው የሚቀመሰው፤ አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ነው የሚናገረው። ይህ በሦስተኛው ማታ ተናገረ።

የወደድኩት ግን 7ኛው ነው። የሮሊንግ ስቶንስ «ኤግዛይል ኦን ሜን ስትሪት»። ሰዎቹ ከእንግሊዝ ግብር ሸሽተው በ1971 ደቡብ ፈረንሳይ ገቡ፤ ኪት ሪቻርድስ በተከራየው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይቀርጹ ጀመር። ወበቅ ነው፣ ጊታሩ ቅኝቱን አይጠብቅም። በ1972 ሲወጣ ድምፁ ድፍርስ ነው፤ ዘፋኙ ከመሣሪያው በታች ተቀብሮ ይጮሃል። በነጥብ መስጫዬ «ንጽሕና» የሚል ሳጥን አለ፤ ብዙ አልሰጠውም። ግን ጅማ 5ን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ያልታጠበ፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና፣ አፍ የሚሞላ፣ ትንሽ አፈር አፈር የሚል። እኔ ቤቴ የምጠጣው እሱን ነው።

ከሃምሳው ውስጥ የሀገሬ ሰው የለም። ያው በ1972 ሙላቱ አስታጥቄ ኒው ዮርክ ውስጥ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን አውጥቷል። የተወለደው ደግሞ እዚሁ ጅማ ነው፣ በፈረንጆቹ 1943። አልተቆጣሁም። ስኒው ጠረጴዛው ላይ ካልቀረበ ቀማሽ ምን ያድርግ?

የእህቴ ልጅ መስከረም ላይ ነጥቡን ጠየቀችኝ። እንደ ዳኛ ከመቶ 60 ሰጠሁት፤ የስብስቦቹን ነገር አልረሳሁትም። እንደ መንገድ መሪ 85። ካለ እሱ ቬልቬትንም፣ የምድር ቤቱን ቀረጻም በራሴ አልደርስባቸውም ነበር። መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምለው፦ ቁጥሩን ተዉትና ከ43ና ከ7 ጀምሩ፣ አንዱን አልበም በሦስት ማታ ሦስቴ ስሙ፣ ፍላሹን ከመስማታችሁ በፊት ደግሞ ተራውን አረጋግጡ።

ባለፈው ሳምንት ከ51 እስከ 100 ያለውን ጽፌ ወደ ልጁ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀበለና ሳልነግረው «በቁጥር ነው አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ። ከጀርባው ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓቶቹ ይደወሉ ነበር።