ቤት ድረስ መጥተው የሚሸጡላችሁን የሙሉ ቤት የውሃ ፊልተር ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ በቅርብ ቤት የገዛችሁ፣ እባካችሁ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። "ነጻ የውሃ ምርመራ እናድርግላችሁ" ብለው ቤት የሚገቡ ሰዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ የኛው ልጆች ናቸው፣ በሰው በሰው ስልክ አግኝተው በአማርኛ ይደውላሉ፣ መጨረሻው ግን ውሃ ወደ ቤት በሚገባበት ሜይን ቧንቧ ላይ የሚገጠም የሙሉ ቤት ፊልተር መሸጥ ነው። ፊልተር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው የግድ ሊያስፈልገው ይችላል። እኔ የምለው ዕቃው ያፈሰሰ ቀን ማን ነው የሚከፍለው የሚለው በጽሁፍ ሳይመለስላችሁ እንዳትፈርሙ ነው።

እህቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የመጣው ልጅ በጣም ትሁት ነው፣ "እትዬ" እያለ፣ ቡና ተፈልቶለት ነው ያወራት። ከኪችን ቧንቧ በብርጭቆ ውሃ ቀዳና ጠብታ ጨመረበት፣ ውሃው ቢጫ ሆነ። ልጆቼን ምን ሳጠጣ ነው የኖርኩት ብላ ደነገጠች። ያ ቢጫ ክሎሪን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ክሎሪን ደግሞ የውሃ ድርጅቱ ጀርም እንዳይኖር ሆን ብሎ የሚጨምረው ነው፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) በሊትር እስከ 4 ሚሊግራም ይፈቅዳል፣ ስለዚህ በክሎሪን የታከመ የከተማ ውሃ ሁሉ በዚያ ጠብታ ቢጫ ይሆናል። ውሃችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ የውሃ ድርጅታችሁ በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 ድረስ የጥራት ሪፖርት የማውጣት ግዴታ አለበት፣ እሱን አንብቡ።

ብቻ ደንግጣ ታብሌት ላይ በጣቷ ፈረመች። ከ6,000 ዶላር በላይ፣ በፋይናንስ። በወረቀት ምንም አልተሰጣትም፣ "በኢሜይል ይመጣል" ተባለች።

ዓመት ሳይሞላው ቤዝመንቷ ያለው ካርፔት ሲረገጥ ጨቅ ማለት ጀመረ። ሄጄ ሳየው የፊልተሩ ሰማያዊ ፕላስቲክ ሃውዚንግ (ቀፎው) አንገቱ ጋ ቀጭን ስንጥቅ አለው፣ ውሃው አይንጠባጠብም፣ በግድግዳው ይዞ ነው የሚወርደው፣ ለዛ ነው ማንም ያላየው። ከታች ያለው ድራይዎል ጠቁሯል። ወለሉ ላይ የነበረውን ሻንጣ ስንከፍተው እናታችን በህይወት እያለች ያሰራችላት የሀበሻ ቀሚስ ነው፣ የጥለቱ ቀይ ቀለም ነጩ ላይ ፈሷል፣ ያንን ይዛ ስታለቅስ ማየት በጣም ነው ያመመኝ፣ በገንዘብ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ካምፓኒው ጋ ስንደውል ቴክኒሻን ላኩ፣ ሃውዚንጉን በነጻ ቀየረና ሄደ። ካርፔቱስ? ድራይዎሉስ? "ዋራንቲው ዕቃውን እንጂ ዕቃው ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም"። እውነትም ኮንትራክቱ ውስጥ በደቃቁ ተጽፏል፣ የብዙዎቹም ኮንትራክት እንደዛ ነው። ኢንሹራንሷ ደግሞ ሰው ልኮ የጠቆረውን ግድግዳ አይቶ ይሄ ድንገት የፈሰሰ ሳይሆን ለሳምንታት የቆየ ነው ብሎ አልከፍልም አለ። የቤት ኢንሹራንስ በአብዛኛው ድንገት ፈንድቶ የፈሰሰን ውሃ ነው የሚከፍለው፣ ቀስ እያለ የሰረገውን አይደለም፣ የራሳችሁን ፖሊሲ አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት። የፋይናንሱ ወርሃዊ ክፍያ ግን አንድ ቀን አይዘልም።

በኋላ ላይሰንስ ያለው ፕላምበር አስመጣን፣ እሱ ነው ጉዱን ያሳየን። ጓሮ ጎማ የሚሰካበት ቧንቧ ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ የፕሬዠር ጌጅ (የውሃ ግፊት መለኪያ) አለ፣ ሃርድዌር ሱቅ በርካሽ ነው የሚሸጠው፣ ከፍተኛውን ቁጥር ይዛ የምትቀር መርፌ ያለውን ግዙ። እሱን ሌሊቱን ትቶት ጠዋት ሲያየው ከ80 ፒኤስአይ (ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) በላይ ወጥቶ አድሯል። የግንባታ ኮዱ ከመንገድ የሚመጣው ፕሬዠር ከ80 ካለፈ መቀነሻ ቫልቭ ይገጠም ነው የሚለው፣ ፊልተሩን የገጠመው ሰው ግን አልለካም፣ አልጠየቀም። ደግሞ ከፊልተሩ ጋር ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ገጥሟል፣ ዋተር ሂተሩ ሲያሞቅ ውሃው ይሰፋል፣ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ግፊቱ ሁሉ የሚያርፈው ደካማው ቦታ ላይ ነው፣ ደካማው ደግሞ ፕላስቲኩ ነው። ለዛ ነው የሰፋውን ውሃ የሚቀበል ኤክስፓንሽን ታንክ የሚያስፈልገው፣ እሱም አልነበረም። ኦሪንጉ (ሃውዚንጉ ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት) ላይ ቫዝሊን ተቀብቷል፣ ቫዝሊን የፔትሮሊየም ውጤት ስለሆነ ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል፣ መቀባት ያለበት ሲሊኮን ነው። ሃውዚንጉ ደግሞ በመፍቻ እስኪጮህ ድረስ የተጠበቀ ይመስላል። የአንዳንዶቹ ፊልተሮች ማንዋል ላይ እኮ በግልጽ አለ፣ ፕላስቲኩን በየ10 ዓመቱ፣ ብርጭቆ የሚመስለውን ግልጹን በየ5 ዓመቱ ቀይሩ ይላል፣ "ዕድሜ ልክ" እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ይሄን አይነግሩም።

እና ምን ልጠይቅ ካላችሁ፣ የሚገጥመው ሰው የፕላምበር ላይሰንሱን ያሳይ (ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያላችሁ የፕላምቢንግ ሥራ የሚቆጣጠረው የውሃ ድርጅቱ ደብሊውኤስኤስሲ ስለሆነ እዛ ደውሉ)፣ ፕሬዠር ከመግጠሙ በፊት ይለካ፣ ውሃው ፊልተሩን ትቶ እንዲያልፍ የሚያደርግ ባይፓስ ቫልቭ ይኑረው፣ ከሥሩ ውሃ መያዣ ትሪና ውሃ ሲፈስ የሚጮህ የሊክ አላርም ይቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ ቢፈስ የቤቱን ጉዳት ማን እንደሚከፍል ኮንትራክቱ ላይ ይጻፍ። አይሆንም ካሉ ሸኟቸው።

አሁን የምላችሁን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቤታችሁ ውስጥ የተደረገ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ በፌዴራል ሕግ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሁድና የፌዴራል በዓል አይቆጠርም። ሻጩ ይሄን መብት በአፉ መንገር አለበት፣ የመሰረዣ ፎርምም ሁለት ኮፒ መስጠት አለበት። ኮንትራክቱ ደግሞ ሽያጩ በተካሄደበት ቋንቋ መሆን አለበት ይላል ሕጉ፣ በአማርኛ አስረድቶ ከሸጠላችሁ ወረቀቱንም በአማርኛ የመጠየቅ መብት አላችሁ ማለት ነው። በስልክ ብቻ ወይም ኦንላይን የገዛችሁት ግን በዚህ አይሸፈንም።

ቀኑ ያለፈባችሁም ዝም አትበሉ። ሻጩ ራሱ ባመቻቸው ፋይናንስ ከሆነ የገዛችሁት በሻጩ ላይ ያላችሁን ቅሬታ ለፋይናንስ ካምፓኒውም ማቅረብ ትችላላችሁ፣ ኮንትራክቱ ላይ "ሆልደር" የሚል ማስታወቂያ ፈልጉ። አንዳንድ ፋይናንስ ካምፓኒ ዕቃው ቤት ላይ የተገጠመ ነው ብሎ የይገባኛል መብቱን ካውንቲ ያስመዘግባል፣ ቤት ስትሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ስታደርጉ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ከፍላችሁ ስትጨርሱ ምዝገባው መሰረዙን በጽሁፍ ተቀበሉ። አቤቱታ የሜሪላንድ አቶርኒ ጄኔራል የሸማቾች ክፍል ይቀበላል፣ እህቴም አስገብታለች፣ ፎቶ፣ ኢሜይልና የፕላምበሩን ሪፖርት አያይዛ።

ፊልተሩ ቀድሞ ቤታችሁ ያለ ደግሞ ዛሬውኑ ቤዝመንት ውረዱና ደረቅ ሶፍት ይዛችሁ አንገቱንና የታችኛውን ግድግዳ ጥረጉት፣ ሶፍቱ ከረጠበ አታመንቱ፣ ባይፓስ አድርጉት። የቤቱን ውሃ በሙሉ የሚዘጋው ሜይን ቫልቭ የት እንዳለ ልጆቹ ሁሉ ይወቁ። ውሃ ፈሶ ካገኛችሁ መጀመሪያ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ከዛ ሻጋታ ሳይጀምር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አድርቁ። ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ሰዎች ደግሞ ሻንጣ መኪና ላይ ከጫናችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ሜይን ቫልቩን ዝጉ።