ቱሉ ዲምቱ ያለው ፍሪጅ ጠጋኝ፦ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳ ይፈልጋል

ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ አካባቢ ሆናችሁ ፍሪጅ ጠጋኝ ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው። ሱቋ ስም የላትም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት በኩል ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። በእጅ የተጻፈ «ፍሪጅ ይጠገናል» የሚል ሰሌዳና ደጅ ላይ የተደረደሩ የሞቱ ፍሪጆች ካያችሁ ደርሳችኋል።

የእኛ ፍሪጅ በየጊዜው ማቀዝቀዝ ያቆማል። በፊት የምንጠራው ሰው፣ ስሙ ይቆየን፣ ይመጣል፣ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል፣ ይሞላል፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥቂት ወር ቆይቶ ያው ነው። ባለፈው ደግሞ ቱቦውን ቆርጦ የቀረውን ጋዝ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሲለቀው እናቴ መስኮት ልትከፍት ተሯሯጠች።

ይሄኛው ልጅ ግን ከሁሉ በፊት «ስንቴ ተሞላ?» አለኝ። ስነግረው ሳቀ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ካነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያ የቀረውን ጋዝ በማሽን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ አስገባው። ቱቦውን ናይትሮጅን ሞላና በብሩሽ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹን እየቀባ መጠበቅ ጀመረ። ኮምፕረሰሩ አጠገብ አንድ የድሮ ብየዳ ላይ አረፋው ቀስ እያለ አበጠ። «እህቴ፣ ይኸውልሽ ሌባው» አለኝ። በየደው፣ ፊልተሩን ቀየረ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ እየሳበ ለረጅም ሰዓት ቫኩም አደረገው፣ ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ጋዙን በሚዛን፣ በግራም መዝኖ ሞላ። በግምት የሚሞላ ብቻ ስለለመድኩ ሚዛኗን ሳይ ደስ አለኝ።

የእኛ ጋዝ 134ኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ንጣፍ አይነካም፤ ሙቀት በማመቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይብሳል፣ ስለዚህ እሱንም አየር ላይ መልቀቅ ነውር ነው። ለኦዞን ክፉዎቹ ክሎሪን ያለባቸው ናቸው፦ የድሮ ፍሪጆች አር 12 እና የኤሲና የቀዝቃዛ መጋዘን አር 22። አር 12 ኦዞንን ለመጠበቅ አገሮች በተፈራረሙት በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደኛ ባሉ ታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ቆሟል። አር 22ና ዘመዶቹ ደግሞ በ2025 በ67.5 በመቶ እንዲቀንሱ፣ ከ2030 በኋላ ለጥገና የምትሆን ጥቂት ብቻ እንድትቀር ነው ስምምነቱ። ልጁ ከአንድ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ የሳበውን አር 22 ለብቻው፣ ምልክት አድርጎበት ያስቀምጣል። «ዋጋው እየናረ ነው፣ ማን ይደፋዋል?» ይላል። ለኦዞን ብሎ ይሁን ለኪሱ አልጠየቅኩትም፤ ውጤቱ ያው ነው።

ማልዲቭስን አስቡ። ያቺ ትንሽ የደሴት አገር እነ አር 22ን እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጨረስ ነበር ያቀደችው፣ ከቀነ ገደቡ 10 ዓመት ቀድማ። ጋዝ አታመርትም፤ ሁሉም በመርከብ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ወደብ ላይ መቆጣጠር ይቻላል። እኛም ብንሆን ከውጭ ነው የምናስገባው። ግን ጉምሩክ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ አገር ውስጥ የገባውን ጠጋኙ ሳሎን ውስጥ ከለቀቀው ምን ዋጋ አለው?

ሌላ የወደድኩለት ነገር፦ ጎረቤቴ የፍሪጇን ጋዝ 600ኤ ወደሚባለው ዓይነት እንዲቀይርላት ብትለምነው እምቢ አላት። 600ኤ ኦዞንን አይነካም፣ ሙቀትም እምብዛም አያምቅም፣ ግን ይቀጣጠላል፤ ለሱ ያልተሠራ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ብር እያየ እምቢ የሚል ጠጋኝ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ወቀሳው። ስልክ አያነሳም። «ነገ ውሰጂው» ካለ ነገ አይደለም። ደረሰኝ የለም፣ ዋስትናውም የቃል ነው። ዋጋው ከበፊቱ ሰውዬ በደንብ ይበልጣል፣ ፍሪጁን በጭነት ባጃጅ የማመላለሱም ወጪ የራሳችሁ ነው። በዚያ ላይ ሱቋ ስለምትጠብ የብየዳውን ጭስ እየማጋችሁ ነው የምትጠብቁት። እንደዚያም ሆኖ ፍሪጃችን እስካሁን በረዶ እየሠራ ነው፣ እኔም ሰው እየላክሁለት ነው።

ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ሰው ቤት እየዞረ ስለሚሠራ ተዘግቶ ነው የምታገኙት።