ከሐይቅ ከተማ ወደ ቆላው የሚወርደው ሚኒባስ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተሳፈርኩበት። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ጣሪያ ላይ የተጫነው ሻንጣዬም ረጥቧል። ሾፌሩን ግን ከልቤ አመሰግነዋለሁ። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነበር፤ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ ያጓራል። ከወንዙ መሻገሪያ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ነገር ግን ደፍርሶ ገለባና ቅጠል ይዟል። «አብሽሩ፤ ደጋው ዘንቧል፤ አንሻገርም» አለ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ እኔም አብሬ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደራሹ ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ! 60 ሴንቲሜትር ያህል የሚፈስ ውሃ እንኳ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል፤ ያ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ አንዲት እናት ከቋጠሩት ቆሎ አካፈሉን። ሾፌሩም ከታሪፉ በላይ ሳንቲም አልጠየቀንም። በክረምት ከእሱ ሌላ አልሳፈርም።